ስለ ምግብ መማር ማነስ ነውን?

ርእሰ አንቀጽ

ባለፈው ወር በጤና ፋኩልቲ የምግብ አዳራሽ አንድ ጨዋታ ተነሥቶ ነበር። ለመመረቅ ጥቂት ወራት የቀራቸው ወንድሞችና እኅቶች ምሳቸውን እየበሉ ወደፊት በምን ትምህርት እንደሚገፉ ይነጋገራሉ። አንዱ ቀዶ ሕክምና አለ፤ ሌላው የውስጥ ደዌ አለ፤ ሦስተኛይቱ «እኔ ራዲዮሎጂ፤ ሌሊት ከእንቅልፍ አያስነሣም» ብትል ሁሉም ሳቁ። በመጨረሻ አንዲት የነርስ ተማሪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እኔስ በሥነ ምግብ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር አስባለሁ» ስትል፣ ከጠረጴዛው ማዶ «ወጥ መሥራት ለመማር ሁለት ዓመት?» የሚል ፌዝ ተወረወረባት። ሳቁ ከቀድሞው በረታ። እኅታችንም አብራ ሳቀች፤ ነገር ግን እንጀራዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ፌዝ የሚሰጥ መልስ ነው። የተናገረው ወንድማችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙዎቻችን በልባችን የምናስበውን እርሱ በአፉ አወጣው እንጂ። ሕክምና ስንል በዓይናችን ፊት የሚመጣው ነጭ ካፖርት፣ ቢላዋና መርፌ ነው። ምግብ ግን የእናት ነገር፣ የጭስ ቤት ነገር ሆኖ ይታየናል። ከጭስ ቤት ሸሽተን አይደለምን ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣነው? ታዲያ ተመልሰን ስለ ሽሮና ስለ ገንፎ ልንማር?

ስለ ሌላው ከመናገሬ በፊት የራሴን ልናዘዝ። ርእሰ አንቀጽ «እኛ» እያለ መጻፉ የተለመደ ነው፤ የሚከተለው ግን በእኔ በአዘጋጁ እጅ የሆነ ነገር ስለ ሆነ «እኔ» ብል አንባብያን ይቅር ይበሉኝ።

ባለፈው ዓመት ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ተልኬ ነበር። አንድ ማታ ዓመት ከመንፈቅ የሚሆነው ወንድ ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ መጣ። እግሮቹ አብጠዋል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ስርጉዱ ቶሎ አይመለስም። ጠጕሩ ሳስቶ ወደ ቀይነት ተለውጧል፤ የጭኑ ቆዳ እንደ አሮጌ ቀለም ይላጣል። ፊቱ ስላበጠ ለማያውቅ ሰው የወፈረ ይመስላል። ከሦስት ቀን ወዲህ ተቅማጥ ይዞታል። ተረኛው ሐኪም በዚያች ሌሊት ብቻውን ሦስት ክፍል የሚጠብቅ፣ ከእኛ በሁለት ዓመት ብቻ የሚቀድም ወጣት ነበር። ልጁ ውሃ አጥቷል ብሎ ግሉኮስ እንዲሰቀልለትና ቶሎ ቶሎ እንዲወርድ አዘዘ፤ ደሙም አንሷልና የብረት ሽሮፕ ጨመረ፤ እናቲቱንም «ወተት፣ እንቍላል፣ ሥጋ፣ ያገኘሽውን ሁሉ ስጪው» አላት። የልጁን እጅ የያዝሁት፣ ከረጢቱን የሰቀልሁት እኔ ነኝ። ደስም ብሎኝ ነበር፤ አንድ ነገር እየተደረገ ነውና። ልጁ ሊነጋ ሲል ሞተ።

ስለምን እንደ ሞተ በእርግጥ መናገር አልችልም፤ ሁሉም በደንቡ ቢደረግለትም ሊሞት ይችል ነበር። ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ ገልጬ ያገኘሁት ግን እንቅልፍ የሚነሣ ነው።

በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ፣ የከሳ ጤነኛ ልጅ ማለት አይደለም። ሰውነቱ በሕይወት ለመሰንበት ሲል ሥራውን ሁሉ ዝቅ አድርጓል። ልቡ ደክሟል፤ ኵላሊቱ ትርፍ ጨውና ውሃ ማስወጣት ተስኖታል፤ በሕዋሳቱ ውስጥ ሶዲየም ሲከማች ፖታስየም ተሟጧል። እንዲህ ላለው ልጅ በደም ሥር በፍጥነት የሚገባ ፈሳሽ የደከመውን ልብ ያጥለቀልቀዋል። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ፈሳሽ በደም ሥር የሚፈቅደው ልጁ ሾክ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው፤ ያም በቀስታና በጥበቃ። የብረት መድኃኒትም በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይሰጥም፤ ልጁ ለመብላት ሲከጅልና ክብደት መጨመር ሲጀምር ነው እንጂ፣ አስቀድሞ ቢሰጥ የገባበትን ተሐዋሲ ሊያበረታ ይችላል። ምግቡም በአንድ ጊዜ አይጫንም። በመጀመሪያ ኤፍ 75 የሚባለው፣ ፕሮቲኑና ጨውነቱ ያነሰ፣ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ያለው ወተት በየሁለት ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ሳይቀር፣ በትንሽ በትንሹ ይሰጠዋል። እብጠቱ መጉደል ሲጀምርና ልጁ ሲርበው ወደ ኤፍ 100 ይሻገራል። እስከዚያው የደሙ ስኳር እንዳይወርድ ይጠበቃል፤ እንዳይበርደው ከእናቱ ደረት ተለጥፎ ያድራል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቢላዋ የሚጠይቅ አንድም ነገር የለም። የሚጠይቀው ሰዓት፣ ኩባያ፣ ብርድ ልብስና የሚያውቅ ሰው ነው። ወጥ መሥራት የምንለው እንዲህ ያለውን ነው እንግዲህ።

ይህ እውቀት ከእኛ የተሰወረ ምሥጢር አልነበረም። በ1996 በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተጻፉትን ዘገባዎች ሰብስቦ ቢመረምር፣ በምግብ እጥረት ተጎድተው ሆስፒታል ከገቡት ልጆች ከመቶው ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ይሞቱ እንደ ነበርና በአርባ ዓመት ውስጥ ቍጥሩ እምብዛም አለመለወጡን አገኘ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) በእነዚያ አርባ ዓመታት ስንት አዳዲስ መድኃኒት ተገኘ! የሰው ልጅ ጨረቃን ረገጠ። የእነዚህ ልጆች ሞት ግን ካለበት አልተነቃነቀም፤ ጥናቱ ከምክንያቶቹ ዋነኛ አድርጎ የጠቀሰውም የሐኪም ቤቶች የተሳሳተ አያያዝ ነው። መመሪያው ከወጣና በሥራ ከዋለ ወዲህ በደንብ በሚሠሩ ክፍሎች ሞቱ እጅግ ቀንሷል። በእኛ አገርም በ2000 ረኃብ ጊዜ ልጆችን ከእናታቸው ጋር በቤታቸው፣ ፕላምፒነት በሚባለው የለውዝ ቅቤ ማከም ይቻል እንደ ሆነ ከተሞከረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ነበርን። ዛሬ ክንዱ ተለክቶ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ያነሰ፣ ነገር ግን የሚበላና ሌላ ከባድ ሕመም የሌለበት ልጅ ሆስፒታል ሳይተኛ ይድናል። ሆስፒታል የሚገባው እንግዲህ የባሰበት ነው፤ የባሰበት ደግሞ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ይሻል።

የተራበን ሰው ማጥገብ እውቀት የማይጠይቅ ቀላል ነገር መስሎ የታየው ለእኛ ብቻ አይደለም። በ1945 የእንግሊዝ ጦር ቤርገን ቤልሰን የተባለውን የናዚዎች የእስረኞች ሠፈር ነጻ ሲያወጣ፣ ወታደሮቹ ከአዘኔታ የተነሣ የራሳቸውን ስንቅ፣ ስብ የበዛበትን የቆርቆሮ ሥጋ ለሰዎቹ አደሉ። ብዙዎች በልተው ሞቱ። ደግነት ነበር፤ እውቀት አልነበረም።

የእኔ ታሪክ ግን ገና አላለቀም። በማግሥቱ ጠዋት አንዲት ሲስተር የወሩን ቍጥር ለመሰብሰብ ወደ ሕፃናት ክፍል መጣች። የሟቹን ልጅ ካርድ አንሥታ አነበበች። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የተሰቀለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ሌላ አልተናገረችም። በያዘችው ቅጽ ላይ «ሞት» ከሚለው አምድ ሥር አንድ ቍጥር ጻፈችና ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። በኋላ እንደ ተረዳሁት ይህች ሲስተር ስምንት ዓመት በነርስነት ከሠራች በኋላ በሥነ ምግብ ሁለተኛ ዲግሪ ያገኘች ናት። ዲግሪዋን ይዛ ስትመለስ «ለዚህ ትምህርት የሚሆን የሥራ መደብ በእኛ ዘንድ የለም» ተብላ፣ ላለመጉዳት ሲባል ደመወዝዋ ከፍ ተደርጎ ሪፖርት ክፍል ገባች። ከዚያ ክፍል እስከ ልጁ አልጋ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ቆጥሬዋለሁ።

እንግዲህ የፌዙ ጕዳይ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ አንባቢ ይፍረድ። ያ ፌዝ ከምግብ አዳራሹ ተነሥቶ፣ ተመርቆ፣ ሹመት አግኝቶ፣ የሥራ መደብ ዝርዝር ሆኖ ይጻፋል።

ደግሞ ታሪክ ብንመለከት፣ በዚህ መስክ ትልቅ ነገር የሠሩት ከጤና ሙያ ተነሥተው ወደ ምግብ የዞሩ ሰዎች ናቸው። ሲስሊ ዊልያምስ በጃማይካ የተወለደች ሐኪም ነበረች። በዛሬዪቱ ጋና ስትሠራ ከላይ እንደ ተናገርሁት ያለ እብጠት የያዛቸውን ልጆች አየችና በ1933 ጻፈች። ስሙን ከመጽሐፍ አልፈጠረችውም፤ እናቶቹን ጠየቀች። በጋ ቋንቋ «ክዋሺዮርኮር» አሏት፤ ታናሽ ሲመጣበት ታላቁን የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ምክንያቱም ተነግሮ አልቋል፤ ጡት የተነጠቀ ልጅ በጡቱ ፈንታ ምን በላ? ለንደን ያሉ አንዳንድ ሊቃውንት «ይህስ የታወቀው ፔላግራ ነው» ብለው ተከራከሯት። እርስዋ ግን ትክክል ነበረች። ሐኪም ባትሆን በሽታውን አትለየውም ነበር፤ እናቶቹን ባትሰማ ደግሞ ስሙንም ምክንያቱንም አታገኘውም ነበር። የጤና ባለሙያ ሥነ ምግብ ይማር ስንል የምንፈልገው ይህን ሁለት ጆሮ ነው።

በእኛም አገር መንገዱ ያልተጀመረ አይደለም። በ1954 የተቋቋመው የጐንደር የጤና ኮሌጅ ጤና መኰንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ሠራተኛውን እንደ አንድ ቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። በ1962 ከስዊድን መንግሥት ጋር በመተባበር የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ፤ ከብዙ ሽግሽግ በኋላም ሥራው ዛሬ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሚባለው ውስጥ ይገኛል። ብዙዎቻችን በልጅነታችን የበላነው ፋፋ የዚያ ቤት ልጅ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው አማርኛ የሚችል መሆኑ ያስታውቃል፤ ልጁ ፋፋ ሲባል ሌላ ማስታወቂያ ምን ያስፈልጋል? የምንበላው እህልና ጎመን፣ እንጀራና ቆጮ በውስጡ ምን እንዳለ የሚናገረው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የምግብ ይዘት ሠንጠረዥም በ1968 ታትሟል።

አሁን ግን ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ልናልፈው አይገባም። አንድ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ወዳጃችን ይህን ጽሑፍ በረቂቅ አንብቦ «ሕዝቡ የቸገረው ምግብ ነው እንጂ የምግብ ሊቅ አይደለም። ሞሰቡ ባዶ ለሆነ ሰው ስለ ቫይታሚን መስበክ ስድብ ነው» አለን። እውነት አለው። መሬት፣ ዝናብ፣ መንገድ፣ ሰላምና ገበያ ባልተስተካከሉበት ስለ ምግብ ስብጥር ብቻ መናገር ነውር ነው። ድርቅና ጦርነት ያራቆተውን ቤት ነርስ አትሞላውም።

ዳሩ ግን ቍጥሩን እንይ። ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆቻችን የቀነጨሩት በ2000 ከመቶው 58 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 38፣ በ2019 ወደ 37 ወረደ። የወረደው ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን በዚያው በ2016 ጥናት ከክልሎች ሁሉ የቀነጨሩ ልጆች የበዙበት አማራ ክልል ነበር፤ ከመቶው 46። ከጤፉም ከበቆሎውም ከማሩም ለገበያ የሚተርፈው ጎጃም የሚገኘው በዚህ ክልል ነው። ከሀብታሞቹ ቤት እንኳ ከአራቱ ልጆች አንዱ ቀንጭሮ ነበር። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ሕፃናት ለዕድሜያቸው የሚበቃውን ዓይነትና መጠን ያገኙት ከመቶው 7 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጎተራው ሲሞላም ልጁ ላይጠግብ ይችላል። እንቍላሉ ለጨውና ለቡና መግዣ ወደ ገበያ ይወርዳል፤ ልጁ ቀጭን አጥሚት ይጠጣል። ይህን ዝናብ ብቻ አያስተካክለውም።

እንቅርትን ተመልከቱ። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ እንቅርትን እንደ ዕለት እንግዳ ያውቀዋል ማለት ነው። ምክንያቱ የአዮዲን ማነስ መሆኑ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ መድኃኒቱም ቢላዋ ሳይሆን ጨው ነው። በ2011 ለሰው ምግብ የሚሆን ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። በዚያ ዓመት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች ከመቶው 15 ነበሩ፤ በ2016 ወደ 89 ደረሱ። የትኛው ቀዶ ሐኪም ነው በአምስት ዓመት ይህን ያህል አንገት ያዳነ?

ጓያንም ተመልከቱ። ሌላው እህል በድርቅ ሲቀር ጓያ ብቻውን ይበቅላል፤ ገበሬው ሌላ ስለሌለው እርሱን ብቻ ወራት በወራት ይበላል፤ ከዚያም ብርቱ ጕልማሳ እግሩ ተሳስሮ በምርኵዝ ይሄዳል። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከድርቅ በኋላ በወሎ በደላንታ ብዙ ሰው እንዲህ ሆኗል። አንዴ ከመጣ አይድንም። የሚቻለው አስቀድሞ መከላከል ነው፦ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል። እዚህ ላይ ማእድ ቤቱ ራሱ ሆስፒታል ነው።

ለመሆኑ በሁለቱ ዓመት ምን ይማራል? ንጥረ ምግብ በሰውነት ውስጥ የሚያደርገውን ጕዞ፣ በሽታ ያን ጕዞ እንዴት እንደሚያውከው፣ የሰውን የምግብ ሁኔታ በልኬት፣ በላቦራቶሪ፣ በአካል ምልክትና በአመጋገብ ጥያቄ መመርመርን፣ ስታቲስቲክስን፣ ኤፒዲሚዮሎጂን፤ በመጨረሻም የምርምር ጽሑፍ። ይህ በወረቀት ላይ ደረቅ ይመስላል። ግን አንዱን ብቻ አንሥተን እንየው። «ትናንት ምን በላህ?» ብሎ መጠየቅ በመጽሐፍ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ ሳሕን ለሚበላበት አገር የተጻፈ መጽሐፍ ነውና። እኛ ከአንድ ገበታ ለስድስት እንበላለን። ሕፃኑ ከዚያ ትሪ ስንት ጕርሻ አገኘ? አባት አስቀድሞ በልቶ ነበርን? የወጡ ፍሬ ለማን ደረሰ፣ መረቁ ለማን? እናቲቱስ ልጆቹ ከጠገቡ በኋላ የተረፈውን ጠራርጋ በላች ወይስ «ጠግቤያለሁ» ብላ አደረች? ይህን ለክቶ ቍጥር ማድረግ ከባድ ጥበብ ነው፤ ይህን ጥያቄ ደግሞ ከእኛ ይበልጥ የሚያውቀው ማን ነው?

ጤፍም እንዲሁ። ጤፍ በብረት ሀብታም ነው እየተባለ በየማስታወቂያው ይነገራል። ነገር ግን ከሚለካው ብረት ብዙው በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ የሚገባ አፈር ነው፤ ሰውነት ያን እምብዛም አይጠቀምበትም። በሌላ በኩል ሊጡ ሲቦካ ብረቱንና ዚንኩን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የሚባለው ነገር ይቀንሳል። አያቶቻችን ለምን እንደሚያቦኩ ኬሚስትሪውን ባይናገሩም ሥራውን ያውቁ ነበር። ልባም ተማሪ በዚህ በአንዱ ብቻ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል።

ስለ ጾምም እንናገር፤ ብዙ የጤና ሠራተኛ የሚሰናከለው እዚህ ነውና። የደም ማነስ ያለባት ነፍሰ ጡር ስትመጣ «አትጹሚ፣ ሥጋ ብዪ» ይላታል። እርስዋም «እሺ» ብላ ትሄዳለች፤ ተመልሳም አትመጣም። ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለነፍሰ ጡር ማቅለልዋን እርሱም አይነግራትም፤ ምናልባት አያውቅም። የተማረ ሰው ቢሆን ስለ ምስርና ስለ ሽምብራ፣ ስለ ጎመን፣ ከገበታ ላይ ቡናና ሻይ ስለ ማራቅ ይነግራታል፤ ካስፈለገም የንስሐ አባትዋ እንዲያናግሯት ይለምናል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ረመዳንን እንዴት እንደሚያሳልፍ ሲጠይቅም እንደዚሁ ነው። ከተማው ውስጥ የስኳርና የደም ግፊት በሽተኛው እየበዛ ሄዷል፤ «ስኳር ተው፣ ጨው ቀንስ» ተብሎ በሁለት ቃል ይሰናበታል። ስንት እንጀራ ይብላ? ማን ነግሮት?

ለምን መጽሔት አንብቦ ወይም የሦስት ቀን ሴሚናር ተካፍሎ አይበቃም ለሚል፣ አንድ ምሳሌ። በ2017 የታተመ የኤኳዶር ጥናት ለሕፃን በቀን አንድ እንቍላል ለስድስት ወር ቢሰጠው መቀንጨር እጅግ እንደሚቀንስ አሳየ። ዓለም ተደሰተ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በማላዊ ተመሳሳይ ጥናት ቢደረግ በቁመት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘም፤ ከተሰጡት ማብራሪያዎች አንዱ የዚያ አካባቢ ልጆች ቀድሞውንም ዓሣ ይበሉ ነበር የሚል ነው። ታዲያ ለእኛ የትኛው ይሠራል? ይህን ለመፍረድ ጥናትን መዝኖ ማንበብ ያስፈልጋል። ያልተማረ ሰው መጀመሪያ ያነበበውን ይዞ ይሮጣል።

በዚህ ድካም እኛ ብቻ አይደለንም ያለንበት። በአሜሪካ በ1985 የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚያቸው እያንዳንዱ የሕክምና ተማሪ ቢያንስ 25 ሰዓት ሥነ ምግብ ይማር ብሎ ነበር፤ በ2010 የታተመ ጥናት ግን አማካዩን 19.6 ሰዓት ሆኖ አገኘው፤ 25ቱን ያሟሉት ትምህርት ቤቶች ከመቶው 27 ብቻ ነበሩ። ከዓመታት ትምህርት ውስጥ ሃያ ሰዓት! አንድ ተማሪ ኳስ ጨዋታ ለማየት በአንድ ወር የሚያጠፋው ነው። ስለዚህ የፈረንጅ አገር ዲግሪ ያለው ሐኪም ስለ ምግብ ሲናገር ራሳችንን ዝቅ አድርገን መስማት አይገባንም፤ እርሱም እንደ እኛ ከቤቱ ያወቀውን ይሆናል የሚነግረን።

አሁን ለዚያች ለእኅታችንና ለእንደ እርስዋ ያሉ የምንለው ግልጽ ነው። ተማሪ። ነገር ግን ወዲያው ተመርቀሽ አትግቢ፤ ቢቻል ሁለት ዓመት በጤና ጣቢያ ሥሪ። የሕፃን ክንድ ለክቶ የማያውቅ ሰው የክንድ ልኬት ስታቲስቲክስ ቢነገረው አይገባውም። ደግሞም ከመመዝገብሽ በፊት የትምህርቱን ዓይነት ለዪ፤ የምግብ ሳይንስ የሚባለው ወደ ፋብሪካና ወደ ላቦራቶሪ ያዘነብላል፤ የሰው ሥነ ምግብ የሚባለው ወደ ሰው። ሁለቱም ክቡር ናቸው፤ ለነርስና ለሐኪም የሚስማማው ግን ሁለተኛው ነው። በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በሐዋሳ፣ በጐንደርና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ መስክ ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል፤ ባሕር መሻገር ግዴታ አይደለም።

እዚህ ላይ ደስ የማያሰኝ ነገር መናገር አለብን። ከመካከላችን ይህን ትምህርት ከሌሊት ተራ ማምለጫ፣ በመኪና የሚያዞር የፕሮጀክት ሥራ ማግኛ አድርገው የሚያዩት አሉ። ደመወዝ መፈለግ ኃጢአት አይደለም፤ የነርስ ደመወዝ ምን ያህል እንደ ሆነ እናውቃለን። ነገር ግን እያንዳንዱ የተማረ ሰው ከአልጋው አጠገብ በተነሣ ቍጥር ለልጁ የሚቀርለት እንደ እኔ ያለ፣ ግሉኮስ ሰቅሎ ደስ የሚለው ተማሪ ነው። ከሪፖርት ክፍል የገባችውን ሲስተር አንወቅሳትም፤ እርስዋ ወደዚያ አልሸሸችም፤ ተወሰደች። ወደዚያ ሊሸሹ የሚዘጋጁትን ነው የምንወቅሰው።

ፋኩልቲውንም አንለምነውም፤ እንጠይቀዋለን። የምርምር ጽሑፍ የሚሠራው ተማሪ ከሁለቱ ዓመት ቢያንስ አንዱን መንፈቅ በሕፃናት ክፍልና በስኳር በሽተኞች ክሊኒክ ያሳልፍ፤ መጠይቅ አድሎ፣ ሰብስቦ፣ ኮምፒዩተር ላይ ቈጥሮ መመረቅ ብቻውን አይብቃ። በመጀመሪያ ዲግሪ ላሉት የሕክምና፣ የነርስና የፋርማሲ ተማሪዎችም የከፍተኛ ምግብ እጥረት ሕክምና በክፍል ሳይሆን ሌሊት በየሦስት ሰዓቱ እየተነሡ ወተት በመስጠት ይፈተንባቸው። ሆስፒታሎች ደግሞ በሥነ ምግብ ለተማረ የጤና ባለሙያ በዋርድ ውስጥ መደብ ይክፈቱለት፤ ማዘዝም፣ የታዘዘውን ማስቆምም ይቻለው። ያቺ ሲስተር በዚያች ሌሊት በክፍሉ ውስጥ ብትኖር እንኳ ግሉኮሱን ለማስቆም ሥልጣን አልነበራትም።

የማኅበራችን የጤና ፋኩልቲ ተወካዮች ይህን በጽሑፍ አዘጋጅተው ለዲኑ ሊያቀርቡ ነው። የፊርማው ዝርዝር በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል፤ እስከ መጪው ዓርብ ይቈያል። ይህ ጋዜጣ ወደ ማባዣው ሲገባ ሃያ ሦስት ሰዎች ፈርመዋል። አሥራ ሰባቱ ነርሶች፣ አራቱ ፋርማሲዎች፣ አንዱ ያ የኢኮኖሚክስ ወዳጃችን፣ አንዱ እኔ ነኝ። በምግብ አዳራሹ የተፌዘባት እኅታችን የፈረመችው በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። ከሕክምና ተማሪዎች እስካሁን የፈረመ የለም።